የቅዳሜ አስተርጓሚ

ባለፈው ሰኔ አባቴን ከሥራ ላመጣው ከከተማው ውጭ ወዳለው የመጋዘን ሰፈር፣ ወደ ኤፔክስ ነዳሁ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ሦስት ሳምንቴ ስለነበር የእሱ መኪና ጋራዥ መግባቷ ለእኔ በዓል ነበር። ከመጋዘኖቹ ፊት ለፊት ፓርክ አድርጌ መስኮቱን ዝቅ ሳደርገው የናፍጣና የጋለ ጎማ ሽታ ገባ። ትራኮቹ ግንባራቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ተደርድረዋል። አባቴ የምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ በመሃላቸው ሲመጣ፣ ብርቱካናማ ጥምጥም ያደረገ አንድ ሾፌር በትራኩ ደረጃ ላይ ተቀምጦ በስልክ ይጨቃጨቅ ነበር። ድንገት ድምፁን ከፍ አድርጎ «ና፣ ና፣ ና!» አለ።

አባቴ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዞሮም «አቤት?» አለው።

ሰውየው ስልኩን ከጆሮው አርቆ አየው። አባቴም አየው። ከዚያ ሁለቱም ፈገግ አሉና አባቴ ወደ እኔ መጣ።

«ጠርቶኝ ነበር እኮ» አለ ቀበቶውን እያሰረ። «አማርኛ የት ተማረ ይሄ ሰው?»

«አልጠራህም አባዬ።»

«በጆሮዬ ሰማሁት እንጂ! ‹ና› አለኝ።»

«በፑንጃቢ ነው የሚያወራው።» እየሳቅኩ መኪናውን ማስነሳት አቃተኝ። «ጋሽ መኩሪያን ረሳሃቸው?»

ትንሽ አሰበ። «ኧረ ጋሽ መኩሪያ!» አለና ፍሪዌይ እስክንገባ ወደ መስኮቱ ዞሮ ብቻውን ሲስቅ ቆየ።

ስምንት ዓመቴ ላይ የምንኖርበት አፓርታማ ሁለት ፎቅ ሆኖ መሃሉ ላይ መዋኛ ገንዳ ነበረው። ውኃ ገብቶበት አይቼ አላውቅም። የተላላጠ ሰማያዊ ቀለምና አንድ እግሩ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር ብቻ ነበር ያለው፤ ወንበሩን ማን እዚያ እንዳወረደው የሚያውቅ አልነበረም። ሰመር ላይ የደረጃው ብረት እጅ ይልጣል። እኛ ልጆቹ በእጅጌያችን ይዘን ነበር የምንወጣው። እናቴ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳ ነበር፣ አባቴ ያኔም ኤፔክስ ነበር፤ ሁለቱም ቅዳሜ ይሠራሉ። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት እኔም፣ የላይኛው ፎቅ ናሆምም፣ ሌሎች ሁለት ሦስት ልጆችም ለዘጠኝ ቁጥሩ ለጋሽ መኩሪያ እንሰጥ ነበር።

ጋሽ መኩሪያ ዳውንታውን በአንድ አሮጌ ካዚኖ ሴኩሪቲ ነበሩ። ሌሊቱን ሠርተው ጠዋት በአውቶቡስ ይመጣሉ፣ እስከ ቀትር ይተኛሉ፣ ከዚያ በነጭ ካናቴራ በረንዳቸው ላይ ወጥተው የዩኒፎርም ሸሚዛቸውን ያሰጣሉ። ክራባታቸው የሚታሰር ሳይሆን በመቆንጠጫ የሚሰካ ነበር፤ እሱንም ከሸሚዙ ጎን ለብቻው ይሰቅሉታል። ሰው «ሥራ እንዴት ነው?» ሲላቸው «እቆማለሁ» ነበር መልሳቸው። ሌላ ነገር አይጨምሩም። በእርግጥም ሥራቸው በር አጠገብ መቆም ነበር። ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆመው «መታጠቢያ ቤቱ በስተግራ ነው» ከማለት በቀር አይናገሩም።

አዲስ አበባ በወጣትነታቸው ግን ሥራቸው መናገር ነበር። ቪዲዮ ቤት ውስጥ አስተርጓሚ ነበሩ። ቪዲዮ ቤት ማለት፣ እንደነገሩን፣ በቆርቆሮ የተሠራ፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፣ በመግቢያው ላይ ብርድ ልብስ የተጋረደ ቤት ነው። ሰው ተጣብቦ ተቀምጦ የህንድ ፊልም ያያል፤ እሳቸው ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመው በማይክ ይተረጉማሉ። ሰፈሩ «ድምፁ» ይላቸው ነበር። ስማቸውን የሚያውቀው ትንሽ ሰው ነው፣ «ድምፁ መጣ» ሲባል ግን ልጅ አዋቂው ቦታ ይለቃል።

«ህንድኛ የት ተማርክ?» አላቸው አንድ ቀን ናሆም።

«‹ተማሩ› በል፣ አንተ አሜሪካዊ። ከፊልም ነው። ሁለት መቶ ፊልም ያየ ሰው ምን ይቀረዋል?»

አመንናቸው። ለምን አናምንም?

ከአጠገባቸው አሥር ቁጥር ቢጂ ትኖር ነበር። ቢጂ በፑንጃብ ሰዎች አነጋገር እማማ እንደማለት ነው፤ ሌላ ስሟን አልሰማሁም። («አንቺ» እያልናት ነው ያደግነው፤ አማርኛ ስለማታውቅ አልተቀየመችንም።) ልጇ የረጅም መንገድ ትራክ ነጂ በመሆኑ ሳምንታት ይጠፋል። እሷ ከአንድ የቪዲዮ ዴክና ከአንድ ካሴት ጋር ትቀር ነበር። የዴኩ አፍ አልገጥም ስለሚል በተጣጠፈ ካርቶን ነበር የምትወትፈው። ካሴቱ ላይ ያለው ፊልም ጥቁርና ነጭ፣ በፑንጃቢ የተሠራ፣ የድሮ፣ በጣም የድሮ ነው። ታሪኩን በእነሱ አገር ሁሉም ሰው ገና ሳያየው ያውቀዋል፤ አያት ለልጅ ልጅ የምትነግረው የሁለት ፍቅረኞች ተረት ነው፣ መጨረሻውም ሞት ነው። ቢጂ አዲስ ሙሽራ ሳለች ባሏ ሲኒማ ወስዶ ያሳያት ይህን ፊልም ነበር።

ጋሽ መኩሪያ አንድ ቅዳሜ ዘፈኑን በግድግዳው ሰምተው ሸሚዛቸውን ለብሰው ሄደው አንኳኩ። ሲከፈት «ህንድ! ፊልም!» አሏት በጣታቸው ወደ ቴሌቪዥኑ እያሳዩ። ቢጂ ከእግር እስከ ራሳቸው አይታቸው አስገባቻቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ እኛንም ይዘውን ሄዱ።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ አልወደደችውም። እኛ ቤት ፊልም ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው ዓለማዊ ነው ወይ የሚለው ነው።

«ጋሼ፣ ልጆቹ የሚያዩት ነገር ምን ዓይነት ነው?» አለቻቸው ደረጃው ላይ።

«ምንም አታስቢ። አይሳሳሙም።»

«ታዲያ ምን ያደርጋሉ?»

«ሊሳሳሙ ሲሉ አበባ ያሳያሉ።»

እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና ፈቀደች።

የቢጂ ቤት ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። የእንስላል ፍሬ፣ የልብስ ብል መከላከያ፣ እርጥብ ሣር ሣር የሚል የማቀዝቀዣው ነፋስ። እኛ ምንጣፉ ላይ፣ ቢጂ አልጋዋ ጫፍ ላይ አተር እየፈለፈለች፣ ጋሽ መኩሪያ ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመው። ወንበር ሲቀርብላቸው አይቀመጡም። ሪሞት ኮንትሮሉን እንደ ማይክ ከአገጫቸው ሥር ያስጠጉና ጉሮሯቸውን ያጸዳሉ። ከዚያ የሚወጣው ድምፅ የበረንዳው ሰውዬ ድምፅ አልነበረም። ሴትም፣ ሽማግሌም፣ ፈረስም መሆን ይችሉ ነበር። ልጅቷን ዓለምነሽ አሏት፣ ልጁን ደሳለኝ፣ ክፉውን አጎት ባላምባራስ። ዓለምነሽና ደሳለኝ በወንዝ ግራና ቀኝ ይኖራሉ፤ ቤተሰቦቻቸው ባላንጣ ናቸው፤ እሱ በየምሽቱ ዋኝቶ ይመጣል። የደሳለኝ እጆች እስከ ክርኑ ጥቁር ስለነበሩ «ጋራዥ ነው የሚሠራው» ብለውን ነበር። በፊልሙ ውስጥ አንድም መኪና የለም። አልጠየቅንም።

ባላምባራስ በቁጣ ሲናገር፣ «‹የአባትህን ጎራዴ ከተሰቀለበት ሳላወርድ ከዓይኔ ጥፋ!› አለው» ይሉናል፣ ሪሞቱን ወደ እኛ እየነቀነቁ። ምንጣፉ ላይ ወደ ኋላ እንሸሻለን። ቢጂም ከአልጋው ላይ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ስለዚህ ትክክል ነው ማለት ነው።

ካዚኖው ኦቨርታይም ሲሰጣቸው ሌላ ቀን እንጂ ቅዳሜን አይነኩም ነበር። «ቅዳሜን ተዉልኝ» ሲሉ ለእናቴ ሰምቻቸዋለሁ። «ስድስት ቀን ቆሜ አንድ ቀን ልናገር።» ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀልድ አልነበረም፤ ያቺ ቀን ብትወሰድባቸው የሚቀሩት በር አጠገብ ያለ ዩኒፎርም ብቻ ነበሩ።

አንድ የሚያስቸግረን ነገር ቢጂ ራሷ ነበረች። በረንዳዋ ላይ ቀይ በርበሬ በትሪ ታሰጣለች። እኛ ወደ ትሪው ስንጠጋ «ና! ና!» ትለናለች። ተጠርተን አንቀርም፣ እንሄዳለን። ስንደርስ እጃችንን በጨርቅ ትመታናለች። እንሸሻለን። ደግሞ «ና! ና!» ደግሞ እንመጣለን። ናሆም አንድ ቀን ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ ተመታ።

«እሷ ይጠራል፣ ከዛ ይመታል» አለ እጁን እያሻሸ። «ዋት ኢዝ ሮንግ ከሷ ጋር?»

ጠርታ የምታባርር ሴት ናት ብለን ተውናት። ዓለምነሽም እንደዚያው ነበረች። በፊልሙ መጨረሻ ወንዙ ይሞላል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ደሳለኝ ማዶ ቆሟል። ዓለምነሽ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፎ እጆቿን ዘርግታ «ና! ና!» እያለች ትጮኻለች። ይህን ቃል ጋሽ መኩሪያ መተርጎም እንኳ አያስፈልጋቸውም ነበር። «ይኸው ስሟት!» ይሉ ነበር በኩራት። «አማርኛና ህንድኛ ወንድማማች መሆናቸውን እዩ። ‹ና! ሳይመሽ ና!› አለችው።» ደሳለኝ ይዘላል። ውኃው ይወስደዋል። እሷም ትከተለዋለች። ቢጂ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ታለቅሳለች፤ እኔ ግን በዓለምነሽ እናደድ ነበር። ጎርፍ እያየች የምትጠራ ምን ዓይነት ሴት ናት? ገደለችው እኮ!

ከዚያ ጀስሊን መጣች። የቢጂ የልጅ ልጅ ናት፤ ካሊፎርኒያ ኮሌጅ ትማር ነበር። ጥፍሮቿ ወይን ጠጅ ቀለም ነበሩ፤ እኔ ያን ቀን ከፊልሙ ይልቅ ጥፍሯን ነበር የማየው። ምንጣፉ ላይ ከእኔ አጠገብ ተቀመጠች። ጋሽ መኩሪያ እንግዳ ስላለ ድምፃቸውን የበለጠ አሳምረው ጀመሩ። ጀስሊን አንድ ሁለቴ አፏን በእጇ ያዘች። ወንዙ ሞላ። ዓለምነሽ «ና! ና!» አለች። ጋሽ መኩሪያ ዓይናቸውን ጨፍነው ቃሉን ተቀበሏት።

ጀስሊን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በእንግሊዝኛ «ምን እያሉ ነው?» አለችኝ።

«ና እያለችው ነው፤ እየጠራችው» አልኳት እኔም በእንግሊዝኛ።

ሳቋ አመለጣት። «ኧረ አይደለም! ‹ና› ማለት እምቢ ማለት ነው። አትምጣ ነው የምትለው። እንዳትመጣ፣ ትሞታለህ።»

እኔ ስምንት ዓመቴ ነው። አንድ ትልቅ ነገር ያወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ማለት የሚባል ነገር አልመጣልኝም። ብድግ አልኩ።

«ጋሼ! ‹ና› ማለት አትምጣ ማለት ነው! ጀስሊን ነው ያለችው! አልጠራችውም! ደሞ ጋራዥ አይደለም፣ ልብስ ቀለም የሚነክር ሰው ነው!» የመጨረሻውን ጀስሊን ቀደም ብላ ነግራኝ ነበር፤ ጨመርኩበት።

ናሆም በሁለት እጁ ምንጣፉን መታ። «ዩ ላይድ! ህንድኛ አትችልም! ውሸታም!»

ሌሎቹም «ውሸታም፣ ውሸታም» እያሉ ማጨብጨብ ያዙ። ክፋት አልነበረም፣ ጨዋታ ነበር የመሰለን። ጋሽ መኩሪያ ዓይናቸውን ገለጡ። ቴሌቪዥኑን አዩ፣ እኔን አዩ። ሪሞቱን አልጋው ላይ በጥንቃቄ አስቀመጡት፤ ሰው ዕቃ ሲያስረክብ እንደሚያደርገው። «ሺፍት አለኝ» ብለው ወጡ። ሰዓቱ አሥር ሰዓት ከቀትር በኋላ ነበር። ሺፍታቸው ከእኩለ ሌሊት በፊት አይጀምርም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጡም። ፊልሙን ለብቻችን አየነው። ግራጫ ሰዎች ይነጋገራሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ደግሞ ይነጋገራሉ። ናሆም ግማሹ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ቢጂ በሩን ደጋግማ ታይ ነበር።

ማታ እናቴ ሰማች። «አንቺ ልጅ፣ ትልቅ ሰው በሰው ፊት አዋረድሽ?»

«እኔ ትራንስሌት ነው ያደረግኩት!»

«እሳቸውስ ምን አደረጉ? ተነሺ፣ ይቅርታ ጠይቂ።»

ዘጠኝ ቁጥርን አንኳኳሁ። ከውስጥ «ተኝቻለሁ» አሉ። ድምፃቸው የበረንዳው ሰውዬ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሸሚዙ በረንዳው ላይ ይሰጣል፣ ክራባቱ ይሰቀላል፣ ባለቤቱ ግን በሩን ከፍቶ አይቆምም። ደረጃ ላይ ሲያገኙን «ደህና ናችሁ?» ብለው ያልፋሉ። ናሆም እንኳ «እርስዎ» ማለት ጀመረ፤ ጥቅም አልነበረውም።

በሁለተኛው ቅዳሜ እኛ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠን ሳለ ቢጂ በነጠላ ጫማዋ ወጣች። ካሴቱን ብብቷ ሥር ይዛለች። ቀስ ብላ ወደ ዘጠኝ ቁጥር ሄደችና በካሴቱ ጠርዝ በሩን ኳ ኳ አደረገችው። ጋሽ መኩሪያ በካናቴራ፣ ፀጉራቸው በአንድ በኩል ተኝቶ፣ ከፈቱ።

ቢጂ አየቻቸው። ከዚያ መዳፏን ወደ ታች አድርጋ ጣቶቿን ወደ ራሷ አጠፈች።

«ና» አለች።

ጋሽ መኩሪያን «ና» የሚል ሰው በዚያ ግቢ አልነበረም፤ እናቴ እንኳ «ይምጡ» ነበር የምትላቸው። ጋሽ መኩሪያ የበሩን እጀታ እንደያዙ ቆሙ። የሚወጡም በሩን የሚዘጉም አይመስሉም ነበር።

«ጋሼ» አለ ናሆም በቀስታ፣ «የኛ ‹ና› ነው የሷ ‹ና›?»

መጀመሪያ ትከሻቸው ነው የተንቀጠቀጠው። ከዚያ ሳቃቸው ግቢውን ሞላው፤ በሩን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን በካናቴራቸው እየጠረጉ ሳቁ። ቢጂ ምን እንዳሳቃቸው ባይገባትም ሳቀች፤ እጇን ግን አላወረደችም። «ና» አለች እንደገና። ቃሏን ያስተማርናት እኛው ነበርን። በርበሬዋ ላይ ያን ሁሉ ጊዜ ስትከለክለን ያን ሁሉ ጊዜ ስንመጣባት፣ በእኛ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ገብቷት ነበር። ጀስሊን በኋላ በስልክ እንደነገረችኝ ደግሞ ቢጂ ሌላም ነገር ታውቅ ነበር። ጋሽ መኩሪያ ፑንጃቢ እንደማይሰሙ ከመጀመሪያው ቀን ታውቃለች፤ በለቅሶው ትዕይንት ላይ ሠርግ መስሏቸው እልል ብለው ነበርና። ፊልሙን ከሰው ጋር ማየት ስለፈለገች ዝም አለች።

ሸሚዛቸውን ለብሰው መጡ። ሪሞቱን ቢጂ ናት ያቀበለቻቸው። ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመው ጉሮሯቸውን ካጸዱ በኋላ ወዲያው አልጀመሩም።

«እንግዲህ ልጆች» አሉ፣ «ቋንቋውን አላውቀውም። ድሮም አላውቀውም ነበር። የማውቀውን እነግራችኋለሁ፣ የማላውቀው ላይ ‹አላውቅም› እላችኋለሁ። የፈለገ ይስማ።»

ማንም አልተነሳም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትርጉማቸው ተለወጠ። ባላምባራስ ሲቆጣ «ይሄን አላውቀውም፤ ግን እጁን እዩት፣ ፈርቷል» ይሉናል። ፈርቶ እንደነበር ያን ያህል ጊዜ አይተን አላየንም ነበር። ወንዙ ሲሞላም ዓለምነሽ እጆቿን ዘርግታ «ና! ና!» አለች። ለካ መዳፎቿ ወደ ውጭ ነበሩ፤ የምትገፋ እንጂ የምትጠራ አልነበረችም።

«አትምጣ አለችው» አሉ ጋሽ መኩሪያ ድምፃቸውን ሳያሳምሩ። «ሰምቷታል። መጣ።»

«ታዲያ ለምን መጣ?» አለ ናሆም።

«እሱን አላውቅም።»

ያን ጊዜ ነው እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት። ዓለምነሽን ይቅርታ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፤ የጠየቅኩት ግን ጋሽ መኩሪያን ነው፣ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ። «ምን አጠፋሽ?» አሉኝ። «አስተርጓሚ ነሽ፣ የሰማሽውን ተናገርሽ። በሚቀጥለው ብቻ ቀስ ብለሽ ተናገሪ።»

ቅዳሜዎቹ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቀጠሉ። ከዚያ የቢጂ ልጅ ካሊፎርኒያ ቤት ገዝቶ እሷንም ካሴቷንም ወሰዳት። የጋሽ መኩሪያ ጉልበት መቆም እምቢ ሲል የእህታቸው ልጅ ቦልደር ሲቲ ወሰዳቸው። «ቁማር የማይፈቀድበት ከተማ ነው፤ በሩን ማን ይጠብቅልኝ እያልኩ አልጨነቅም» ይሉ ነበር። እዚያ ነው ያረፉት፣ ከሁለት ክረምት በፊት። ለቅሶ ስንሄድ ሰዎች ጨዋነታቸውን፣ ዝምታቸውን ሲያነሡ ሰማሁ። ዝምታቸውን ያወቁት በሌላው ስድስት ቀን ነው ብዬ አሰብኩ።

እኔ ከዚያ በኋላ ለእናቴ የማስተረጉመው ነገር በዝቷል። የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ ስልክ ይዘው የሚያስጠብቁን ቢሮዎች። ባለፈው ወር ትከሻዋ አልጋ በማንጠፍ ብዛት አልነሣም ብሎ ክሊኒክ ገባን። ነርሷ የራጁን ፎቶ በስክሪኑ ላይ እያሳየች ረጅም ነገር ተናገረች፤ መሃሉ ላይ አንድ ቃል ነበር፣ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀው። ጥሩ ይሁን መጥፎ አላውቅም። እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን አለች?»

የሆነ ነገር ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ሁለት ሦስት ማለፊያ መልሶች ነበሩ፤ አንዱን ብላት አምናኝ ወደ ቤት ትሄድ ነበር።

«አንዱን ቃል አላውቀውም» አልኳት። «ፊቷ ግን አልከፋም። ቆይ፣ ልጠይቃት።»

እናቴ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካክላ፣ ነርሷን ሳይሆን እኔን እያየች ጠበቀች።